እንቁላሉ በእግሩ ሲሄድ አየን

ይህች በእጅ እየተገለበጠች ከቤት ወደ ቤት የምትዞር መጽሔታችን እስከ ዛሬ ይዛላችሁ የምትቀርበው ግጥም፣ የሀገር ቤት ትዝታ፣ አልፎ አልፎም ምክር ነበር። ዛሬ ግን ከወትሮው ለየት ባለ ጉዳይ ላይ ለመጻፍ ተነሥተናል። ጉዳዩ ሥዕል ነው፤ ያውም የሚንቀሳቀስ ሥዕል። «የቤት ኪራይ ቀን በምንቆጥርበት ሰዓት ሥዕል ምን ሊረባን?» የሚል ወገን ቢኖር አንቀየመውም፤ እኛም ራሳችን መጀመሪያ ያልነው ይኸንኑ ነበርና። ይሁን እንጂ ባለፉት ወራት ያጋጠመንን ብናጫውታችሁ ጊዜያችሁን በከንቱ እንደማናባክንባችሁ ተስፋ እናደርጋለን።

እኛ ስንል በዳሚ ማታ ማታ ልጆች የምናስተምር ሦስት መምህራን ማለታችን ነው። ሦስታችንም በሀገር ቤት ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥተን ጥቂት ዓመታት ካስተማርን በኋላ የተሰደድን፣ ዕድሜያችን በሠላሳዎቹ ውስጥ የሚገኝ ሰዎች ነን። ቀን ቀን አንዳችን ሲሚንቶ ያቦካል፣ አንዳችን ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ያጥባል፣ አንዳችን በገበያ ዕቃ ይሸከማል። ማታ ሲሆን ፊታችንን ታጥበን መምህራን እንሆናለን። የትምህርት ክፍላችን የቆርቆሮ ጥላ ያለው ግቢ ነው። ሰሌዳችን ከባትሪ ድንጋይ በወጣ ጥቁር ዱቄት የቀባነው ጣውላ ነው። ልጆቹ ገሚሶቹ በቶጎ ጫሌ በኩል ከወላጆቻቸው ጋር የመጡ፣ ገሚሶቹ እዚሁ ሐርጌሳ የተወለዱ ናቸው። አንዱ በቤቱ ኦሮምኛ፣ ሌላው አማርኛ ይናገራል፤ በመንገድ ላይ ግን ሁሉም ሶማልኛ ነው። እኛ በአማርኛ ስናስተምር አንዱ ለሌላው እያሾከሾከ ይተረጉማል። እስኪተረጎም ድረስ እንጠብቃለን፤ መጠበቅ ከሥራችን ግማሹ ሆኗል።

ስለ መጠበቅ ካነሣን አይቀር፣ ስክሪን የሚባለውን ነገር ለምን እንጠላው እንደ ነበር መናገር ይገባናል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በነበርንበት ዘመን፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ በሳተላይት የሚሠራጨው የፕላዝማ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ገባ። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የመልሱን ጊዜ ራሱ ይቆጥራል፤ ራሱም ይመልሳል። እጃችንን ብናወጣ አያየንም። የራሳችን መምህር በመግቢያና በማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ በተረፈው ጊዜ ከጥግ ቆሞ እንደ እኛው ይመለከታል። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ትምህርቱ ትቶን ሄዷል። ሁሉም ክፉ ነበር አንልም፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ ሲሠራ ያየነው በእርሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ጀምሮ በውስጣችን የቀረ አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ስክሪን ማንንም አይጠብቅም የሚል ነው። መምህር ለመሆን ስንመርጥም፣ የሚጠብቅ ሰው ልንሆን ነው ብለን ነበር።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። አንድ ማታ ለሳይንስ ትምህርት እንቁላል እንዴት ጫጩት እንደሚሆን በሰሌዳ ላይ ልንስል ፈለግን። ለመገልበጥ የሚሆን ሥዕል አልነበረንም። ከተማሪዎቻችን የአንዱ እናት፣ ልብስ በማጠብ የምትተዳደር እኅታችን፣ ስልኳን አዋሰችን። ከዘመድ ጋር ለመነጋገር የገዛችው ዳታ ተርፏት ነበር። «መምህር፣ እኩለ ሌሊት ላይ መቃጠሉ ላይቀር ተጠቀሙበት» አለችን። የእንቁላሉን ሥዕል ስንፈልግ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሻገር፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሚስል የአንድ ሰው እጅ ብቅ አለ። የወንድና የሴት ፊት ሳለ። ከዚያ እጁ ወጣና ፊቶቹ ብቻቸውን ዓይናቸውን ማንከባለል ጀመሩ። ወንዱ ሲጋራውን እያቦነነ የሴትዮዋን ፊት በጭስ እስኪሸፍነው ድረስ ተመለከትን። በመጨረሻም እጁ ተመልሶ መጣና ሰሌዳውን አጠፋው። ሦስታችንም ሳቅን። ወዲያውም ዝም አልን። ጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ማጥፊያ፦ ያ ሰው የተጠቀመበት ነገር ሁሉ በግቢያችን ውስጥ ነበረ።

ፊልሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሆን የሠራው ጀምስ ስቱዋርት ብላክተን የተባለ በአሜሪካ የሚኖር ሰው ነው። ከአኒሜሽን ሥራዎች ሁሉ ከቀደምቶቹ የሚቆጠር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1908፣ ኤሚል ኮል የተባለ ፈረንሳዊ 700 ያህል ሥዕሎች በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ስሎ ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ፊልም ሠራ። ፊልሙን በተገላቢጦሽ አተመውና ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ልክ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሳለ መሰለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዛሬ በየስክሪኑ የሚታየው ይህ ሁሉ ጥበብ ገና ሲወለድ የመምህርን ሰሌዳ ለብሶ ነው የተወለደው።

አሠራሩም ምሥጢር የለውም። አንድ ሥዕል ይሳላል፤ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ እግሩ ወይም እጁ በትንሹ ይጠፋና ጥቂት ፈቀቅ ተደርጎ እንደገና ይሳላል፤ እንደገና ፎቶ ይነሣል። እነዚህ ፎቶዎች በፍጥነት ሲከታተሉ ዓይናችን ለየብቻ መሆናቸውን መለየት ያቅተዋል፤ ሥዕሉ የሄደ ይመስለዋል። በሲኒማ ቤት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ምስሎች ያልፋሉ። የአኒሜሽን ሠሪዎች አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ በማንሣት ብዙውን ጊዜ በ12 ሥዕል ይጨርሱታል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ለመሥራት 720 ሥዕል ያስፈልጋል ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ስክሪን ከፕላዝማው ጋር አንድ አለመሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው። ተመልካቹን ባይጠብቅ እንኳ ሠሪው ጠብቋል፤ ለእያንዳንዷ እርምጃ ቁጭ ብሎ ጠብቋል።

ከዚያ በኋላ፣ ገንዘብ ስናገኝ እያዋጣን፣ ሳይኖረን ደግሞ እየተበደርን፣ በሳምንት አንድ ሁለት ማታ መፈለጋችንን ቀጠልን። በየጊዜው ካገኘናቸው ውስጥ ለአንባብያን ይጠቅማሉ ያልናቸውን እናውጋ።

በካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ውስጥ ለብዙ ዘመን የሠራ ኖርማን ማክላረን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር። ይህ ሰው አንዳንድ ጊዜ ካሜራ ጨርሶ ትቶ በፊልሙ ጥቅል ላይ በቀጥታ በብዕርና በቀለም ይስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ዩኔስኮ ወደ ቻይና ልኮት፣ ለገጠር ሕዝብ የጤና ትምህርት የሚሆኑ ሥዕሎችና ፊልሞች በትንሽ ወጪ እንዴት እንደሚዘጋጁ ለአገሬው ሠዓሊዎች አስተምሯል። ይህን ስናነብ በማሠልጠኛ ኮሌጃችን «የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ ቁሳቁስ ማዘጋጀት» የሚለው ኮርስ ትዝ አለን። እኛ ያን ኮርስ ለፈተና አጥንተነው ነበር፤ ሰውዬው ግን ኖሮበታል።

ማክላረን በ1952 የሠራው «ጎረቤታሞች» የሚባል ስምንት ደቂቃ ያህል የሚሆን ፊልም አለው። በዚህ ፊልም የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ሳይሆን ሰው ራሱ ነው፤ ሰዎቹን እንደ አሻንጉሊት ጥቂት ጥቂት እያንቀሳቀሰ በየምስሉ አንሥቷቸዋል። ሁለት ጎረቤታሞች በሰላም ተቀምጠው ሳሉ በወሰናቸው ላይ አንዲት አበባ ትበቅላለች። ሁለቱም ሽታዋን ይወዳሉ። በኋላ አጥር ይመጣል፣ ከአጥሩ ቡጢ ይመጣል፣ ከቡጢው የቤት መፍረስና የቤተ ሰብ እልቂት ይመጣል። በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ፤ በየመቃብራቸውም ላይ አበባ ይበቅላል። በፊልሙ ውስጥ ንግግር የለም። ለልጆቹ ያሳየናቸው እያመነታን ነው፤ ከመካከላቸው በመሬትና በወሰን ምክንያት ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ አሉና። ስልኩን በጡብ ላይ አስደግፈን አሥራ አራት ልጆች ዙሪያውን ከበው ተመለከቱ። የሚያሾከሹክ ተርጓሚ አላስፈለገም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም እኩል በአንድ ጊዜ ገባቸው። ፊልሙ ሲያልቅ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ታዲያ አበባዋ የማን ነበረች?» ብላ ጠየቀች። ይህን ጥያቄ በምን ዓይነት የትምህርት ዕቅድ ውስጥ እንደምናስገባው ዛሬም እያሰብንበት ነው።

ከአፍሪካም ሰው አገኘን። ሙስጠፋ አላሳን የሚባል የኒጀር ሰው መካኒክነት የተማረ ሲሆን በ1960ዎቹ ካናዳ ድረስ ሄዶ ከዚሁ ከማክላረን ተምሯል። በ1966 የሠራው አጭር ፊልም የእንቁራሪቶች ሪፐብሊክ ስላለው ፕሬዚዳንት ነው። ፕሬዚዳንቱ ለጉብኝት ወደ ጎረቤት አገር ይሄዳል፤ እየተጨበጨበለት ይሰነብታል፤ ሲመለስ ግን ሥልጣኑ የለም። ልጆቹ ሳቁ። የሳቅነው ግን እኛ ትልልቆቹ ይበልጥ ነበር፤ ምክንያቱን ለአንባብያን ማስረዳት የሚያስፈልገን አይመስለንም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ዊሊያም ኬንትሪጅ የሚባለው የጆሃንስበርግ ሠዓሊ ነው። እርሱ ከ1989 ጀምሮ በከሰል ይስላል። ለየምስሉ አዲስ ወረቀት አይጠቀምም፤ በዚያው በአንዱ ወረቀት ላይ እያጠፋና እየጨመረ ፎቶ ያነሣል። ከሰል ደግሞ እንደምታውቁት ሲጠፋ ጨርሶ አይጠፋም። ሰውዬው መንገድ ተሻግሮ ከሄደ በኋላ የነበረበት ቦታ ላይ ጥላው ይቀራል። የአፓርታይድን አገር የሳለው በዚህ መንገድ ነው። እኛም ሰሌዳችንን ዞር ብለን አየነው። የትናንቱ የሒሳብ ትምህርት ከዛሬው ሥር በግራጫ ቀለም ይታያል። ለዓመታት ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ስንፈትገው ኖረናል።

በመጨረሻ የራሳችንን ሰው አገኘን። ዕዝራ ውቤ በ1980 አዲስ አበባ የተወለደ፣ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የሄደና በኒው ዮርክ የሚኖር ሠዓሊ ነው። በ2011 «ሂሳብ» የሚል አኒሜሽን ሠርቷል። በአንድ ሸራ ላይ በቀለም እየሳለ፣ በሥዕሉ ላይ ሌላ ሥዕል እየደረበ፣ እያንዳንዱን ፎቶ እያነሣ ነው የሠራው። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አህያ፣ ውሻና ፍየል በአዲስ አበባ ሚኒባስ ይሳፈራሉ። አህያ ሒሳቡን በትክክል ከፍሎ ይወርዳል፤ ውሻ መልስ ሳይሰጠው መኪናው ይሄድበታል፤ ፍየል ሳይከፍል ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ መኪና ሲመጣ አህያ ከመንገዱ አይነቃነቅም፣ ውሻ መልሱን ሊጠይቅ ይሮጣል፣ ፍየል ደግሞ ሸሽቶ ይጠፋል። ሰማያዊና ነጩን ሚኒባስ፣ ወያላውን፣ የመንገዱን ግርግር ስናይ የሦስታችንም ጉሮሮ ደረቀ። እዚሁ ሐርጌሳ የተወለዱት ልጆች ግን ያን ሚኒባስ በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም። «ወያላ ምንድን ነው?» አሉን። ከዚያች ጥያቄ ተነሥተን ስለ አንድ ከተማ ለአንድ ሰዓት ያህል አወራን። ስለ ሀገር ቤት በተናገርን ቁጥር የሚያዛጉ ልጆች ያን ማታ አላዛጉም፤ በበነጋታውም ከገበያ ሲመለሱ አንዱ አህያ፣ አንዱ ውሻ፣ አንዱ ፍየል ሆነው በመኪና ፊት ሲጫወቱ አየናቸው። ደንግጠን የተቆጣን መሆናችንን ግን አንደብቅም።

ዕዝራ ውቤ በ2015 የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል የሚባለውን ዝግጅት መሥርቷል። የቪዲዮ ሥነ ጥበብ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ተረት የሌለው፣ አንዳንዴም መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ሥራ ነው፤ ፌስቲቫሉ ይህን ከአዳራሽ አውጥቶ መንገደኛ በሚያልፍበት ቦታ አሳይቷል። እኛም ከዚህ ወገን የተወሰኑትን ተመልክተናል። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ አልገቡንም። አንዱ ግን ከነልባችን ገባን። ናም ጁን ፓይክ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከቤተ ሰቡ ጋር ከሀገሩ የተሰደደ ሰው ነው። በ1965 በአንድ ቴሌቪዥን ላይ ትልቅ ማግኔት አስቀመጠ። ማግኔቱ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮን ጨረር ከመንገዱ ያስወጣውና ምስሉ ይጣመማል፤ ሰው ማግኔቱን ሲያንቀሳቅሰው ምስሉም አብሮ ይለዋወጣል። በፕላዝማ ፊት እጁን አውጥቶ ማንም ሳያየው ለቀረ ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት።

ቴዎ እሸቱንም ሳንጠቅስ አናልፍም። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ያደገ የቪዲዮ ሠዓሊ ነው። በ2009 የአክሱምን ሐውልት መመለስ በ15 ስክሪኖች ላይ አሳይቷል። ሐውልቱ፣ 24 ሜትር የሚረዝመው፣ በ1937 በፋሺስት ኢጣልያ ተወስዶ በ2005 ሦስት ቦታ ተቆራርጦ በአውሮፕላን ተመልሷል፤ በ2008ም በቦታው ቆሟል። ስክሪኖቹ የተደረደሩት የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ሣጥኖች ከፋፍለው እንደሚያሳዩት እንደ ባህላዊ ሥዕሎቻችን ነው። እነዚያን ሥዕሎች በየመሸጫው አይተናቸዋል፤ የፊልም ዘመዶች መሆናቸውን ግን እዚህ እስክንመጣ ድረስ አላወቅንም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካየን በኋላ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አልቻልንም። ልጆቹን ሰብስበን «ምን እንሥራ?» አልናቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ የተመረጠው ያ የጀመርንበት እንቁላል ሆነ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሁልጊዜ እንነግራቸዋለን፤ በእውነት ሲሄድ ያየው ግን ማንም የለም። ስልኩን በጎማ ላስቲክ በጡብ ላይ አሰርነው። በአንድ ሰከንድ 6 ሥዕል እንዲያልፍ ወሰንን፤ ጠመኔ አልበቃንምና።

ከልጆቹ መካከል አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለ። ስልኩን ያዋሰችን እኅታችን ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ በተህሪብ ወደ ቦሳሶ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወሬው አልተሰማም። ልጁ ብዙ አይናገርም። በየጊዜው ከደላሎች አጠገብ ሲያንዣብብ ያየነው ስለ ነበር ሥጋት ነበረን። እጁ ግን የተባረከ ነው፤ እንቁላሉን እንዲስል ሁሉም በአንድ ድምፅ መረጡት። የመጀመሪያውን ሥዕል ሳለ፣ ፎቶ ተነሣ። «እሺ፣ አሁን እግሩን አጥፋና ትንሽ ፈቀቅ አድርገህ ሳለው» አልነው። ዳስተሩን ይዞ ቆመ።

«አላጠፋም፣ ቲቸር።»

«ለምን?»

«ከጠፋ በኋላ የት አገኘዋለሁ?»

በማሠልጠኛ ኮሌጅ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልተማርንም። ከሦስታችን አንዱ ስልኩን ፈትቶ አመጣና ፎቶውን አሳየው። ልጁ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ሄደና እግሩን ብቻ፣ በጣቱ ጫፍ፣ በስስት አጠፋ። ሁለተኛውን ሳለ። ከዚያ በኋላ ማንም አላቆመውም።

አራት ማታ ፈጀብን። በሁለተኛው ማታ ከጎን ያለው ቤት ባለቤት፣ ልጆቹ አዴር የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ጩኸቱ በዝቶባቸው ሊቆጡ መጡ። ስልኩን ሰጠናቸው። እስከዚያ የተሠራውን ካዩ በኋላ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። በልጆቹ አስተርጓሚነት እንዲህ አሉን፦ በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ከነቤተ ሰባቸው ሸሽተው በጅጅጋ አካባቢ በሐርትሼክ መጠለያ ኖረዋል፤ ልጆቻቸው ፊደል የቆጠሩት በእኛ ሀገር፣ በድንኳን ውስጥ ነው። «ያን ጊዜ የእኔ ልጆች ናቸው እንዲህ የጮኹት» አሉ። በበነጋታው አንድ ሙሉ ፓኬት ጠመኔ ላኩልን።

መጨረሻው ላይ እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ ከሰሌዳው ቀኝ ጠርዝ ይወጣል። «አለቀ» አልን። ልጁ ግን፣ «ገና ነው፤ አሥራ ሁለት ይቀራል» አለ። አሥራ ሁለቱንም ሳለ። እንቁላሉ በግራ በኩል ተመልሶ ገባ። ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅነውም። በጠቅላላው 216 ሥዕል፣ 36 ሰከንድ ሆነ። ስናየው ሌላም ነገር ታየን፤ የጠፉት እግሮች ሁሉ ርዝራዥ በሰሌዳው ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ልጆቹ «አቧራ እያስነሣ ነው የሚሄደው!» ብለው ጮኹ። እኛ በእርጥብ ጨርቅ ስንፈትገው የኖርነው ያ ርዝራዥ አቧራ ሆነለት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። በሁለተኛው ወር እናቱ እያፈረች መጣች። «መምህር፣ ይቅር በሉኝ። ኪራይ ሁለት ወር አለፈኝና ስልኩን ሸጥሁት። የልጆቹ ነገር ውስጡ እንዳለ ትዝ ያለኝ ከሸጥሁት በኋላ ነው» አለችን። ሌላ ግልባጭ አልነበረንም። «እትዬ፣ ምንም አይደል፤ የራስሽ ስልክ ነው» አልናት። ከሄደች በኋላ ግን ሦስታችንም ለመናገር አልቻልንም። ከኪራይና ከሥዕል የቱ እንደሚቀድም እናውቃለን፤ ማወቃችን ሐዘኑን አላቀለለውም። ይልቁንም ልጁን ምን ብለን እናየዋለን የሚለው አስጨነቀን። ማጥፋት እንዲችል ያሳመንነው «ስልኩ ይዞልሃል» ብለን ነበርና።

ልጁ ሁለት ማታ ቀረ። ያሰብነውን አንጽፈውም። በሦስተኛው ማታ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሩን ይዞ መጣና በአውራ ጣቱ ጥጉን ፈር ፈር አድርጎ አሳየን። በሃምሳውም ሉክ ጥግ ላይ እንቁላሉን ስሎት ነበር። ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፤ አንድ እግር ወጣ፤ ሁለተኛው ወጣ፤ ሄደ። ሥዕሉ ስልክ አያስፈልገውም፤ ዳታ አያስፈልገውም፤ መብራትም አያስፈልገውም። «በቃሌ አጥንቼው ነበር» አለን። ስለ ወንድሙ ዛሬም ምንም አልተሰማም፤ ደላሎቹም ከመንገዱ አልጠፉም። ከዚህ የበለጠ ነገር ሆነ ብለን ልንዋሻችሁ አንፈልግም። ነገር ግን ልጁ አሁን በየማታው ይመጣል፤ ታናናሾቹንም ደብተር ላይ መሳል ያስተምራል፤ ሲያስተምርም ይጠብቃቸዋል።

ውድ አንባብያን፤ ይህች እትም 24 ሉክ አላት። በእያንዳንዱ ሉክ የቀኝ ግርጌ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ እንቁላል ታገኛላችሁ። የሳላት እርሱ ነው። መጽሔቷን በግራ እጃችሁ ይዛችሁ ጥጉን በቀኝ አውራ ጣታችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፍጥነት ልቀቁት። ያያችሁት አንድ ሰከንድ ሲኒማ ነው። መጽሔቷን ለሌሎች የምትገለብጡ ወገኖች፣ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ጥጉንም እንድትገለብጡልን በትሕትና እንለምናለን፤ መሳል አንችልም ብትሉ ኀሙስ ማታ ወደ ግቢያችን ብቅ በሉ፣ ልጆቹ ያስተምሯችኋል። ያለቀ ደብተር፣ ቁራጭ ጠመኔ፣ የሞተ ባትሪ ያላችሁም አትጣሉብን። የስልክ ቁጥር ለመጻፍ ሲባልም የወረቀቷን ጥግ የምትቀድዱ ወዳጆች አላችሁና፣ እባካችሁ በዚህ እትም ላይ ከሌላኛው ጥግ ቅደዱ፤ እንቁላሉ መንገድ ላይ እንዳይቀርብን።